የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን አመራር በመጠይቅ ማጥናት፦ ከናሙና እስከ ትንተና

በዩኒቨርሲቲ አመራር ላይ የማስተርስ ወይም የፒኤችዲ ጥናት የሚጀምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ስንት መምህር መጠይቅ ቢሞላልኝ ይበቃኛል?» መልሱ ከመምህራኑ ብዛት አይጀምርም። የሚጠናው የኃላፊው አመራር ከሆነ መጀመሪያ መቆጠር ያለባቸው ኃላፊዎቹ ናቸው፤ ማለትም ስንት ትምህርት ክፍል፣ በየክፍሉስ ስንት ገምጋሚ? ይህ በፕሮፖዛሉ ላይ ካልተወሰነ፣ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ በምንም ስሌት አይቃናም።

ይህ አሠራር በአንድ ወይም በጥቂት የኢትዮጵያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችን አመራር ከመምህራን የሥራ እርካታ ጋር አያይዞ ለሚያጠና ሰው የተዘጋጀ ነው። በኮሌጅ ዲኖች፣ በሆስፒታል የክፍል ኃላፊዎች ወይም በርእሳነ መምህራን ላይ ለሚሠራም ቁጥሮቹን እየቀየሩ መጠቀም ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከሰው ሀብት የተገኘ የመምህራን ዝርዝር፦ ትምህርት ክፍል፣ የትምህርት ማዕረግ፣ በሥራ ላይ ያሉና ለትምህርት የወጡ ተለይተው
- የኃላፊዎች ዝርዝር ከተሾሙበት ቀን ጋር
- የመጠቀሚያ ፈቃድ ያለው የአመራር መጠይቅና የሥራ እርካታ መጠይቅ
- ሁለት ተርጓሚዎች፤ አንደኛው ዋናውን መጠይቅ ፈጽሞ ያላየ
- የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የትብብር ደብዳቤ
- ሊታሸጉ የሚችሉ ፖስታዎች፣ በናሙናው ልክ፤ ቁልፍ ያለው አንድ ሣጥን
- በስልክ የሚሞላ ከሆነ ኮቦ ቱልቦክስ፤ ያለ ኔትወርክ ሞልቶ በኋላ መላክ ስለሚቻል መብራትና ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ግቢ ይመቻል
- ለትንተና ኤስፒኤስኤስ፣ ወይም በነፃ የሚገኙት አር እና ጃሞቪ

ደረጃ 1፦ የየትኛውን እርከን አመራር እንደሚያጠኑ ይወስኑ

«የዩኒቨርሲቲው አመራር» ብሎ መጀመር ፕሬዚዳንቱን፣ ምክትሎቹን፣ ዲኑንና የትምህርት ክፍል ኃላፊውን በአንድ ቋት መክተት ነው። መጠይቁ ላይ «ኃላፊዎ» የሚል ቃል ካለ አንዱ መምህር ዲኑን፣ ሌላው የክፍሉን ኃላፊ አስቦ ይሞላል፤ አማካዩ የማንም አይሆንም። አንድ እርከን ይምረጡ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሚመረጠው መምህሩ በየቀኑ ስለሚያየው ነው። ፕሬዚዳንቱን በስብሰባ ብቻ የሚያይ መምህር የሚሞላው ስለ ተቋሙ ያለውን አጠቃላይ ስሜት እንጂ ያየውን ድርጊት አይደለም።

ቀጥሎ ያ ኃላፊ በሕግ ምን ሥልጣን እንዳለው ይጻፉ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ን እና የዩኒቨርሲቲውን የሴኔት ሕግ ያንብቡ። ይህን ሥራ የቢሮክራሲ ማሟያ አድርገው አይዩት፤ ውጤቱን የሚተረጉሙት በዚህ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ደመወዝ አይጨምርም፤ በእጁ ያለው የኮርስ ድልድል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍፍል፣ ለሥልጠና ማጨትና የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ያለው ድርሻ ነው። «ለሠራሁት ሥራ ይሸልመኛል» የሚል ጥያቄ ዝቅተኛ ነጥብ ቢያገኝ፣ ጉድለቱ የሰውየው ሳይሆን የሥልጣኑ ሊሆን ይችላል።

በውክልና የተቀመጡትንና ከተሾሙ አንድ ሴሚስተር ያልሞላቸውን ኃላፊዎች ከጥናቱ ያውጡ። መምህሩም ከዚያ ኃላፊ ጋር ቢያንስ አንድ ሴሚስተር መሥራቱን በመጠይቁ የመጀመሪያ ጥያቄ ያጣሩ። አለበለዚያ የተሞላው ስለ ቀድሞው ኃላፊ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ መጠይቅ ይምረጡ፣ ፈቃዱን ይያዙ

በብዛት የሚመረጠው ኤምኤልኪው 5ኤክስ የተባለው ነው። 45 ጥያቄ አለው፤ 36ቱ ዘጠኝ የአመራር ገጽታዎችን በአራት በአራት ጥያቄ ይለካሉ፣ ቀሪዎቹ 9 ስለ ውጤት ይጠይቃሉ። ነጥቡ ከ0 እስከ 4 ነው። ከ36ቱ 20ዎቹ ለውጥ አምጪ የሚባለውን (ራእይ እያሳየና እያነሣሣ የሚመራውን) አመራር ይለካሉ። የባለቤትነት መብት ያለው መጠይቅ ስለሆነ ፈቃድ ይገዛል፤ ለመተርጎምም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሙሉውን በመመረቂያ ጽሑፍ አባሪ ላይ ማተም አይቻልም። ከሌላ ተማሪ ጽሑፍ ጀርባ ገልብጦ መጠቀም በመጽሔት ሲታተም ውድቅ የሚያስደርግ ጥፋት ነው።

ለፈቃድ የሚከፍሉት ከሌለዎት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኤልቢዲኪው ፎርም 12 ለምርምር በነፃ ይገኛል። ሙሉው 100 ጥያቄና 12 ንዑስ ሚዛን አለው፤ ሥራን ማደራጀትንና ለሰው ማሰብን የሚለኩት ሁለቱ ንዑስ ሚዛኖች እያንዳንዳቸው 10 ጥያቄ ስላላቸው፣ 20 ጥያቄ ብቻ ይዞ መሄድ ይቻላል። አጭር መጠይቅ ሥራ የበዛበት መምህር እስከ መጨረሻው ይሞላዋል። ፒኤችዲ ለሚሠራ ሰውም ቢሆን ይህን ምርጫ ሳይንቁ እንዲያዩት እንመክራለን።

ለሥራ እርካታ የስፔክተር ጄኤስኤስ ለትምህርትና ለንግድ ላልሆነ ምርምር በነፃ ይፈቀዳል። 36 ጥያቄ፣ ዘጠኝ ገጽታ፣ እያንዳንዱ ገጽታ አራት ጥያቄ፣ ነጥቡ ከ1 እስከ 6።

ጥንቃቄ፦ ከጄኤስኤስ ዘጠኝ ገጽታዎች አንዱ «በቅርብ አለቃ ላይ ያለ እርካታ» ነው። ይህን በድምሩ ውስጥ ትተው ከአመራር ነጥብ ጋር ካዛመዱ፣ ኃላፊውን ከራሱ ጋር እያዛመዱ ነው፤ ግንኙነቱ ያለ አግባብ ይጎላል። አራቱን ጥያቄዎች አውጥተው በ32ቱ ይሥሩ፣ ወይም ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ያቅርቡ። የደመወዝ ገጽታውም ለብቻው ይታይ፤ የክፍል ኃላፊ የማይወስነው ነገር ነውና።

ደረጃ 3፦ ናሙናውን ያስሉ

አብዛኛው ፕሮፖዛል የያማኔን ቀመር ይጠቀማል፦ የሕዝቡ ቁጥር ÷ (1 + የሕዝቡ ቁጥር × 0.05 × 0.05)። «ሕዝቡ» የሚጠኑት መምህራን በሙሉ፣ 0.05 ደግሞ የሚፈቀደው የስህተት መጠን ነው። 600 መምህራን ላሉበት ዩኒቨርሲቲ 600 ÷ 2.5 = 240 ይሆናል። የክሬጂና ሞርጋን ሠንጠረዥ ለዚያው ቁጥር 234 ይሰጣል። ከመቶ 15ቱ ላይመልሱ ይችላሉ ብለው ካሰቡ 240 ÷ 0.85፣ ማለትም 283 መጠይቅ ያሰራጫሉ።

እስከዚህ ሁሉም ይሠራዋል። ችግሩ ይህ ቀመር እያንዳንዱ መምህር ከሌላው ነፃ ሆኖ እንደተመረጠ መቁጠሩ ነው። የአንድ ክፍል መምህራን ግን የሚገመግሙት አንድ ሰው ነው፤ የሚቀመጡበት ቢሮ፣ የሚካፈሉት ኮርስ፣ የሚያወሩትም አንድ ነው። ስለዚህ መልሳቸው ይመሳሰላል። ይህ መመሳሰል አይሲሲ1 በሚባል ቁጥር ይለካል። ናሙናው በተግባር ስንት ሰው እንደሚያወጣ ለማወቅ ጠቅላላውን በ«1 + (በክፍል ያሉ ገምጋሚዎች − 1) × አይሲሲ1» ያካፍሉ።

አይሲሲ1 0.15 ነው እንበል፤ የተመለሰው መጠይቅም 240 ይሁን።

- 40 ክፍል፣ በክፍል 6 ሰው፦ 1 + 5 × 0.15 = 1.75። 240 ÷ 1.75 = 137 ሰው ያህል ያወጣል።
- 10 ክፍል፣ በክፍል 24 ሰው፦ 1 + 23 × 0.15 = 4.45። 240 ÷ 4.45 = 54 ሰው ያህል ብቻ።

መጠይቁም፣ ድካሙም፣ የማተሚያ ወጪውም እኩል ነው፤ ያገኙት መረጃ ግን በሁለተኛው ከግማሽ በታች ወርዷል። ለዚህ ነው «ጥቂት ክፍሎችን በጥልቀት» የሚለው ምርጫ ለመጠይቅ ጥናት የማይመከረው። ከሁሉም ክፍሎች ይውሰዱ፣ ከየክፍሉም በዕጣ ይምረጡ። 40 ክፍል ካለ በየክፍሉ 7 መጠይቅ ማሰራጨት 280 ይሆናል፤ ከ283ቱ ጋር ይቀራረባል።

ሌላው መታየት ያለበት፣ በትምህርት ክፍል ደረጃ ሲተነትኑ ናሙናዎ 240 ሳይሆን 40 መሆኑ ነው። በ40 ክፍል፣ በተለመደው 0.05 መስፈርትና 80 በመቶ የማግኘት ዕድል፣ ሊያዩት የሚችሉት ዝምድና 0.43 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። 0.30 የሆነ ዝምድና ለማግኘት 85 ያህል ክፍል ያስፈልጋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ያህል ክፍል ከሌለው ሁለት ወይም ሦስት ዩኒቨርሲቲ ይጨምሩ። ሲመርጡ በትምህርት ሚኒስቴር ልየታ ተመሳሳይ ምድብ ውስጥ ያሉትን ይያዙ። ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ከተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከቀላቀሉ፣ የኃላፊው ሥራ ራሱ ስለሚለያይ ልዩነቱን ለአመራር መስጠት ያስቸግራል።

የተለመደ ስህተት፦ ከሰው ሀብት የተሰጠውን ዝርዝር እንዳለ መውሰድ። ዝርዝሩ ላይ ለፒኤችዲ የወጡ፣ በዝውውር ላይ ያሉና ደመወዛቸው ብቻ እዚያ የቀረ መምህራን አሉ። መጀመሪያ በየክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው በሥራ ላይ ያሉትን ያረጋግጡ፤ ቀመሩን የሚያሰሉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ካልተደረገ፣ ያልመለሱ የተባሉት ሰዎች ገና ከጅምሩ ግቢው ውስጥ ያልነበሩ ይሆናሉ።

ደረጃ 4፦ ይተርጉሙ፣ ወይም በእንግሊዝኛ ለምን እንደተዉት ይወስኑ

የዩኒቨርሲቲ መምህራን በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ መጠይቁን በእንግሊዝኛ መስጠት ተቀባይነት አለው። የአስተዳደር ሠራተኞችን ከጨመሩ ግን ትርጉም ግድ ነው፤ አማርኛ የሥራ ቋንቋ ባልሆነበት ክልል ደግሞ የአካባቢው ቋንቋ ይታሰብ።

አሠራሩ፦ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተረጉማል፤ ዋናውን ያላየ ሁለተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ እርስዎ ከሁለቱ ጋር ተቀምጠው ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቅጂዎች ጥያቄ በጥያቄ ያስተያያሉ። ለውጦቹን በሠንጠረዥ ይያዙ፤ ፈታኝ ይጠይቅዎታል።

ሦስት ቦታዎች ላይ ትርጉም ይሰናከላል።

የመጀመሪያው የድግግሞሽ መለኪያው ነው። የኤምኤልኪው አምስቱ ምርጫዎች ወደ አማርኛ ሲመጡ «አልፎ አልፎ» እና «አንዳንድ ጊዜ» ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለብዙ አንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንዳንዱም ቅደም ተከተላቸውን ይገለብጣል። አምስቱን ቃላት በአምስት ካርድ ጽፈው ለአሥር ሰዎች ይስጡና ከጥቂት ወደ ብዙ እንዲደረድሯቸው ይጠይቁ። ከአሥሩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ያቀያየሯቸው ቃላት ካሉ ይቀይሯቸው። ለምሳሌ «በጣም አልፎ አልፎ» እና «አንዳንድ ጊዜ» ይሻላሉ።

ሁለተኛው አሉታዊ ጥያቄ ነው። «ችግር እስኪባባስ ድረስ ጣልቃ አይገቡም» የሚለውን «በፍጹም» ብሎ የሚመልስ ሰው ምን ማለቱ ነው? ይገባሉ ነው ወይስ አይገቡም? ዓረፍተ ነገሩን ወደ አዎንታ ያዙሩት፦ «ጣልቃ የሚገቡት ችግር ከተባባሰ በኋላ ነው።»

ሦስተኛው አጠራር ነው። ኃላፊውን በ«እርሳቸው» ያስቀምጡ። አክብሮቱ ተገቢ ነው፤ በዚያ ላይ ወንድና ሴት ኃላፊን ለመለየት ሁለት ዓይነት መጠይቅ ከማተም ያድናል።

ደረጃ 5፦ የሥነ ምግባር ፈቃድና ደብዳቤ

የኮሌጁ ወይም የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይሰጥ አንድም መጠይቅ አይሰራጭ፤ የቅድመ ሙከራው ጭምር። የስምምነት ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን፤ የጥናቱን ዓላማ፣ የሚወስደውን ጊዜ፣ በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ እንደሚቻል፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወገድ ይናገር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ ይህ አሁን ሕጋዊ ግዴታም ያለበት ጉዳይ ነው።

በቅጹ ላይ ቃል ሲገቡ ይጠንቀቁ። መጠይቁ የክፍል ኮድ ካለው «ማንነትዎ በምንም መልኩ አይታወቅም» ብለው አይጻፉ፤ እውነት አይደለምና። «መልስዎን የሚያየው አጥኚው ብቻ ነው፤ ለኃላፊዎ ወይም ለዩኒቨርሲቲው አይሰጥም» የሚለው ሊጠበቅ የሚችል ቃል ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ስም አለመጻፍ ብቻውን ሰውን አይሰውርም። ስምንት መምህር ባለበት ክፍል ጾታ፣ ማዕረግ፣ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ከጠየቁ፣ ሴት ረዳት ፕሮፌሰሯ አንድ ብቻ ከሆነች ወረቀቷ የማን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ያ ኃላፊ ደግሞ የሥራ አፈጻጸሟን ከሚሞሉት አንዱ ነው። ለትንተናዎ የማይጠቀሙበትን የግል መረጃ አይጠይቁ፤ ዕድሜንና አገልግሎትን በሰፊ ክልል ያድርጉ፦ «ከ5 ዓመት በታች፣ ከ5 እስከ 10፣ ከ10 በላይ»።

ደረጃ 6፦ ቅድመ ሙከራ

በናሙናው ከማይካተት ዩኒቨርሲቲ 30 ያህል መምህራን ይሙሉት። ለእያንዳንዱ ንዑስ ሚዛን ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ቁጥር) ያስሉ፤ ለጠቅላላው መጠይቅ ብቻ ማስላት ዋጋ የለውም፤ ብዙ ጥያቄ ሲደመር አልፋ በራሱ ይጨምራል። 0.70 የተለመደው መነሻ ነው። ከዚያ በታች ከወረደ ጥያቄ ከመሰረዝዎ በፊት የተገላቢጦሽ ጥያቄዎቹን (ከፍ ያለ ቁጥር ዝቅተኛ እርካታ የሚያሳይባቸውን) መገልበጥዎን ያረጋግጡ። በጄኤስኤስ ግማሽ ያህሉ ጥያቄ የተገላቢጦሽ ነው፤ በብዛት የአልፋ መውደቅ ምክንያቱም ይኸው ነው። ለመገልበጥ ከ7 ላይ መልሱን ይቀንሱ፤ 1 የነበረው 6፣ 2 የነበረው 5 ይሆናል።

አምስት ሰዎችን ደግሞ ከሞሉ በኋላ አነጋግሩ፦ የትኛው ጥያቄ አሻማዎት? የቱ ጋ ቆሙ? አልፋ የማይነግርዎትን እነዚህ ሰዎች ይነግሩዎታል።

ደረጃ 7፦ መሰብሰብ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ነው። ከዲኑ የተሰጠው የትብብር ደብዳቤ «ትብብር እንዲደረግላቸው» ብሎ ለክፍል ኃላፊው ይጻፋል፤ ኃላፊው በቅንነት መጠይቆቹን ተቀብሎ ለመምህራኑ ያከፋፍላል፤ ሲሞሉም ራሱ ይሰበስባል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ የአመራር ግምገማ ከፍ ያለ አማካይና ትንሽ ልዩነት ይኖረዋል፤ ምክንያቱም ሰው አለቃው እጅ ለሚገባ ወረቀት እውነቱን አይጽፍም። እንደዚህ ያድርጉ፦

1. ኃላፊውን በደብዳቤ ያሳውቁ፤ መጠይቅ ግን አይስጡት። የእሱ ድርሻ ማወቅ ብቻ ነው።
2. በዕጣ ለተመረጠው መምህር መጠይቁን ከፖስታ ጋር በእጁ ይስጡ።
3. እያንዳንዱ መጠይቅ ላይ የክፍል ኮድ ብቻ ይኑር፤ ለምሳሌ «ክ07»። ኮዱን ከክፍሉ ስም የሚያያይዘው ወረቀት ከመጠይቆቹ ተለይቶ ይቀመጥ።
4. የታሸገው ፖስታ የሚገባበት ሣጥን ከክፍሉ ቢሮ ውጭ፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍት፣ ይቀመጥ፤ ወይም ራስዎ ይረከቡ።
5. ከሳምንት በኋላ ለሁሉም አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ያስታውሱ። ላልመለሱት ብቻ ማስታወስ ማን እንደመለሰ መከታተልን ይጠይቃል፤ አመኔታ ያሳጣል።

ጊዜውን ይምረጡ። የምዝገባ ሳምንት፣ የፈተናና የውጤት ማስገቢያ ወቅት፣ እንዲሁም የኃላፊዎች ምደባ ወይም የአፈጻጸም ምዘና የሚካሄድበት ሰሞን አይሆንም። የሴሚስተሩ አጋማሽ ይሻላል።

አንድ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ኃላፊውንም እርካታውንም ከሞላ፣ የዚያ ቀን ስሜቱ ሁለቱንም ይቀባል። ይህን ለመቀነስ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የአመራሩን ክፍል አሁን፣ የእርካታውን ከሦስት ወይም አራት ሳምንት በኋላ ማስሞላት ነው፤ ሰዎች ሁለቱን ወረቀት የሚያገናኝ የግል ኮድ ራሳቸው ይፈጥራሉ። ሁለተኛውና ቀለል የሚለው፣ በትንተና ጊዜ የእያንዳንዱን ክፍል ገምጋሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የአመራሩን ነጥብ ከአንዱ ግማሽ፣ የእርካታውን ከሌላው ግማሽ መውሰድ ነው። ለዚህ በየክፍሉ ቢያንስ ስድስት የተመለሰ መጠይቅ ያስፈልጋል። «የሃርማን ፈተና አልፏል» ብሎ ማለፍ (ፈተናው ሁለቱ መልሶች ከአንድ ሰው በመምጣታቸው የሚፈጠረውን መዛባት የሚያጣራ ስሌት ነው) ደካማ መከላከያ ነው፤ ልምድ ያለው ገምጋሚ አይቀበለውም።

ደረጃ 8፦ ማጽዳት

መረጃውን ሲያስገቡ ከአሥር ወረቀት አንዱን መልሰው ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። አራት ጥያቄ ላለው ንዑስ ሚዛን ቢያንስ ሦስቱ ከተመለሱ አማካዩን ይውሰዱ፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ባዶ ይተዉት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቁጥር የከበበ ሰው በተገላቢጦሽ ጥያቄዎቹ ይጋለጣል፤ ወረቀቱን ያውጡና ስንት እንዳወጡ ይጻፉ። ከሦስት በታች መጠይቅ የተመለሰበት ክፍል በክፍል ደረጃ ትንተና ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 9፦ የክፍሉን አማካይ ከመውሰድዎ በፊት መስማማታቸውን ይፈትሹ

የአምስት ሰዎች አማካይ የኃላፊው ነጥብ ሊባል የሚችለው አምስቱ ተቀራራቢ ነገር ካዩ ነው። መለኪያው አርደብሊውጂ ይባላል፦ 1 − (የታየው ልዩነት (ቫሪያንስ) ÷ ሰዎች እንዲሁ በዘፈቀደ ቢሞሉ የሚጠበቀው ልዩነት)። አምስት ምርጫ ላለው ጥያቄ የሚጠበቀው 2.0 ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ አምስት መምህራን 3፣ 3፣ 4፣ 3፣ 2 ሰጡ እንበል። አማካዩ 3.0፣ ልዩነቱ 0.5፤ 1 − 0.5 ÷ 2.0 = 0.75። ከተለመደው 0.70 በላይ ነው፣ አማካዩን ይጠቀሙ። ሌላው ክፍል 0፣ 4፣ 4፣ 1፣ 4 ሰጠ። አማካዩ 2.6 ነው፤ መካከለኛ ኃላፊ ይመስላል። ልዩነቱ ግን 3.8 ነው፤ መለኪያው ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ እንደ ዜሮም ይቆጠራል። እዚህ ክፍል መካከለኛ ኃላፊ አላየንም። ሦስት ሰዎች በጣም የሚወዱት፣ ሁለቱ ደግሞ የራቃቸው ኃላፊ ነው ያየነው። 2.6 ብሎ መጻፍ ሁለቱንም እውነት ይደብቃል። እንዲህ ያሉ ክፍሎች ስንት እንደሆኑ መዘገብ ራሱ ግኝት ነው፤ ለቃለ መጠይቅ መጀመሪያ የሚመረጡትም እነሱ ናቸው።

ከዚያ ክፍልን መለያ አድርገው አኖቫ (የክፍሎችን አማካይ የሚያነጻጽር ትንተና) ይሥሩና አይሲሲ1 እና አይሲሲ2ን ያውጡ። በክፍሎች መካከል ያለው አማካይ ካሬ 1.20፣ በክፍሎች ውስጥ ያለው 0.50፣ ገምጋሚ በክፍል 6 ከሆነ፦

- አይሲሲ1 = (1.20 − 0.50) ÷ (1.20 + 5 × 0.50) = 0.19
- አይሲሲ2 = (1.20 − 0.50) ÷ 1.20 = 0.58

የመጀመሪያው፣ መምህራኑን በክፍል መለየቱ ትርጉም እንዳለው ይነግራል። ሁለተኛው የክፍሉ አማካይ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ነው፤ 0.58 ከሚፈለገው 0.70 በታች ነው። ገምጋሚ ሲጨምር ያድጋል፦ አይሲሲ1 0.15 ከሆነ 0.70 ለመድረስ 14 ያህል፣ 0.25 ከሆነ 7 ገምጋሚ ይበቃል። ዝቅ ካለ አይደብቁት፤ የሚታየው ግንኙነት ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን እንደሚችል ይጻፉ።

ደረጃ 10፦ ትንተና

መምህራን በክፍሎች ውስጥ ስለታቀፉ ተራ ሪግሬሽን የስህተት መጠኑን ያሳንሳል፤ ትርጉም የሌለው ነገር ትርጉም ያለው መስሎ ይወጣል። ባለ ብዙ እርከን ሞዴል ይጠቀሙ፦ በኤስፒኤስኤስ «ሚክስድ ሞዴልስ»፣ በአር ኤልኤምኢ4። መጀመሪያ ምንም ገላጭ የሌለበትን ሞዴል፣ ቀጥሎ የግል ተለዋዋጮችን፣ በመጨረሻ የክፍሉን የአመራር አማካይ ያስገቡ።

አምስቱን የለውጥ አምጪ አመራር ገጽታዎች በአንድ ሞዴል አይጨምሩ። እርስ በርሳቸው በጣም የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱ አዎንታዊ ሌላው አሉታዊ ሆኖ ይወጣል፤ ተማሪውም ያንን ለማብራራት ገጽ ይሞላል። የ20ውን ጥያቄ አንድ አማካይ ያስገቡ።

ኃላፊዎቹ ራሳቸውን የሞሉት መጠይቅ ካለ ለብቻው ይቅረብ። ሰው ለራሱ የሚሰጠው ነጥብ ከፍ ስለሚል ከመምህራኑ ጋር ደምሮ አማካይ ማውጣት ስህተት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ግን ሊጠና የሚገባ ነገር ነው።

ቃለ መጠይቅ ከጨመሩ ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከመጠይቁ በኋላ ይሁን፣ ቁጥሩ ያላብራራውን እንዲያብራራ።

ሲጽፉ የሚታዩ ስህተቶች

*«ተጽዕኖ» ማለት።* በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃ ግንኙነትን እንጂ መንስኤን አያሳይም። የረካ መምህር ኃላፊውን ከፍ አድርጎ ሊሞላም ይችላል። ርዕሱ ላይ ጭምር «ግንኙነት» ይበሉ። አማካሪዎ «ተጽዕኖ» መባል አለበት ካሉ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እርካታን የለኩበትን አሠራር ያሳዩዋቸውና ምን ያህል ሊባል እንደሚችል አብረው ይወስኑ።

*ኃላፊዎችን በአንድ ስያሜ መፈረጅ።* የለውጥ አምጪው አማካይ 2.4፣ የልውውጣዊው (በሽልማትና በቁጥጥር የሚመራው) 2.2 ስለሆነ «በዩኒቨርሲቲው የበላይ የሆነው አመራር ለውጥ አምጪ ነው» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ኃላፊ ሁለቱንም በየመጠኑ ያደርጋል፤ 0.2 ልዩነትም ከመለኪያው ስህተት ላይወጣ ይችላል። ደረጃውን ይግለጹ፣ ስም አይለጥፉ።

*ክፍሎችን በስም ማቅረብ።* «የፊዚክስ ትምህርት ክፍል 1.8» ብሎ መጻፍ ሰውየውን በስሙ መጥራት ነው፤ ያን ነጥብ የሰጡትንም ለበቀል ማጋለጥ ነው። በኮሌጅ ደረጃ ያቅርቡ፤ ከአምስት ሰው በታች ያለበትን የሠንጠረዥ ሣጥን ከጎረቤቱ ጋር ያዋህዱ። ዩኒቨርሲቲው የክፍል ዝርዝር ውጤት ቢጠይቅዎ የስምምነት ቅጹን ያሳዩ፤ ለመምህራኑ የገቡት ቃል ከድጋፍ ደብዳቤው ይቀድማል።

*የምላሽ መጠንን በጅምላ መናገር።* ከ280 መጠይቅ 240 ተመለሰ፣ 86 በመቶ ነው ማለት አይበቃም። ከ40ው ክፍል ስንቱ ስድስትና ከዚያ በላይ፣ ስንቱ ከሦስት በታች እንደመለሱ በሠንጠረዥ ያሳዩ። ዝም ያሉት ክፍሎች አንድ ኮሌጅ ውስጥ ከተሰበሰቡ፣ ያን ኮሌጅ ጨምሮ የሚናገር መደምደሚያ አይጻፉ።